ጥርስና ዚንክ፦ የጋልቫናይዝድ ቧንቧ አገጣጠም ታሪክ

ጋልቫናይዝድ ቧንቧ እንዳይዝግ ተብሎ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ የወጣ የብረት ቧንቧ ነው። ለገበያ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ በ6 ሜትር ርዝመት ነው። ሁለቱም ጫፎቹ ጥርስ ይወጣላቸዋል፤ በአንዱ ጫፍ መቀጠያ ሶኬት ይታሰርበታል፣ ሌላው ጥርሱ እንዳይጎዳ በፕላስቲክ ቆብ ይሸፈናል። ቤት ግን በ6 ሜትር ተለክቶ አይሠራም። ስለዚህ ቧንቧው በየማዕዘኑ ይቆረጣል፣ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፣ ከማጠፊያው ኤልቦ ወይም ከማካፈያው ቲ ጋር ተጠምዝዞ ይጠብቃል። ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ አሁን የሚታወቅበትን መልክ እስኪይዝ ከ100 ዓመት በላይ ወስዷል። ዚንኩ ከፓሪስ፣ ቧንቧው ከመካከለኛው እንግሊዝ፣ ጥርሱ ከለንደንና ከፊላደልፊያ፣ መፍቻው ከማሳቹሴትስ መጥተው ተገናኙ፤ ሲገናኙም ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። ጥርስ በወጣ ቁጥር ቧንቧው የተመረጠበት ዚንክ ተፍቆ ይወድቃል። የዚህ ቧንቧ ጥንካሬም ሆነ ድካም የሚታወቀው በመጋጠሚያው ላይ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከብረት በፊት ውሃ በሸክላ፣ በእርሳስና በተቦረቦረ ግንድ ይጓዝ ነበር። ሮማውያን የእርሳስ ጥፍጥፍ ጠቅልለው ስፌቱን በቀለጠ እርሳስ ይዘጉት ነበር። በሰሜን አውሮፓ ከተሞች የግንድ ቧንቧ አንደኛው ጫፍ ተሹሎ በሌላው ግንድ ቀዳዳ ውስጥ በመዶሻ ይገባ ነበር፤ የሾለ ነገር ሰፋ ወዳለ ቀዳዳ ሲገባ ራሱን በራሱ ያጠብቃል የሚለው ሐሳብ ከብረት ጥርስ በፊት በእንጨት ተሞክሯል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለቬርሳይ ምንጮች የተዘረጉት ካስት አይረን ቧንቧዎች ደግሞ ጫፋቸው ላይ ሰፋ ያለ ከንፈር ነበራቸው፤ ከንፈርና ከንፈር ተገጥሞ በብሎን ይታሰራል። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1785 ነው። በለንደን የቼልሲ የውሃ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ቶማስ ሲምፕሰን የአንዱ ቧንቧ ጫፍ እንደ ደወል ሰፍቶ የሌላውን ጫፍ እንዲቀበል አደረገ። በመካከሉ የሚቀረው ክፍተት በቃጫ ይጠቀጠቅና የቀለጠ እርሳስ ይፈስበታል። ይህ ዘዴ በመንገድ ሥር ለሚቀበሩ ትልልቅ ቧንቧዎች ከ100 ዓመት በላይ አገልግሏል። በግድግዳ ላይ ለሚወጣና በጣሪያ ሥር ለሚታጠፍ ቀጭን ቧንቧ ግን አይሆንም፤ ደረጃ ላይ ቆሞ የቀለጠ እርሳስ ማፍሰስ የሚችል የለም።

ቀጭኑ የብረት ቧንቧ የተፈለገው መጀመሪያ ለውሃ አልነበረም፤ ለጋዝ መብራት ነበር። ዊልያም መርዶክ የተባለው ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ በ1792 በኮርንዎል አውራጃ በሬድሩዝ ከተማ ቤቱን ከድንጋይ ከሰል በወጣ ጋዝ አበራ። በ1807 በለንደን የፖል ሞል መንገድ በጋዝ መብራት ደመቀ፤ በ1812 ደግሞ የከተማዋ የመጀመሪያው የጋዝ ኩባንያ ቻርተር አገኘ። ጋዝ በየቤቱና በየሱቁ ለማዳረስ ቀጭን፣ ጠንካራና የማያስተነፍስ ቱቦ ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ ቱቦ በዚያን ጊዜ በብዛት የሚሠራው ለጠመንጃ ብቻ ነው። ከናፖሊዮን ጦርነቶች የተረፉ የጠመንጃ አፈሙዞች ጫፍ ለጫፍ እየተበየዱ ለጋዝ ማስተላለፊያነት እንዳገለገሉ በሙያው ታሪክ ተደጋግሞ ይነገራል። ከአፈሙዝ ጥርስም ተወርሷል፤ የአፈሙዙ የኋላ ጫፍ የሚዘጋው በሚጠመዘዝ ውታፍ ነበርና ቱቦ ላይ ጥርስ ማውጣት ለጠመንጃ ሠሪ አዲስ ነገር አልነበረም።

የጠመንጃ ሠሪው ዘዴ ግን አዝጋሚ ነበር። የጋለ የብረት ጥፍጥፍ በዘንግ ላይ ተጠቅልሎ ጥቂት በጥቂት በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይበየዳል። በ1825 በመካከለኛው እንግሊዝ የዌንዝበሪ ከተማ ነዋሪ የነበረው ኮርኒሊየስ ኋይትሃውስ ሥራውን ወደ አንድ ጉተታ አሳጠረው። ረጅሙን የብረት ጥፍጥፍ እስኪበየድ ድረስ በምድጃ አግሎ የደወል ቅርጽ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ይስበዋል፤ ጥፍጥፉ በቀዳዳው ውስጥ ሲያልፍ ሁለቱ ጠርዞቹ ይገናኙና ይጣበቃሉ። የፈጠራ መብቱን የወሰደው የዚያው ከተማ ቱቦ ሠሪ ጄምስ ራስል ሲሆን ዌንዝበሪም ለብዙ ዓመታት የቱቦ ከተማ ሆና ቆየች። ዛሬ አብዛኛው ቧንቧ ጠርዙ በኤሌክትሪክ ይበየዳል። ጥፍጥፍ አጥፎ ጠርዙን የማጋጠሙ ነገር ግን እስካሁን አለ።

ቱቦው ሲረክስ ጥያቄው ወደ መጋጠሚያው ዞረ። እዚህ ላይ ስሙ እምብዛም የማይነሣ ሰው አለ። አሜሪካ ተወልዶ ለንደን የኖረው ኤንጅየር ማርች ፐርኪንስ በ1831 ሕንፃ በሙቅ ውሃ የሚሞቅበትን ሥርዓት አስመዘገበ። ውሃው ወፍራም ግድግዳ ባለው ቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ይዞራል፤ ስለዚህ መጋጠሚያው እንዲያንጠባጥብ አይፈቀድለትም። ፐርኪንስ የአንዱን ቱቦ ጫፍ እንደ ቢላ ስል፣ የሌላውን ጠፍጣፋ አደረገው። ሁለቱ ጫፎች የሚገቡበት ሶኬት በአንድ በኩል የቀኝ፣ በሌላ በኩል የግራ ጥርስ አለው። ሶኬቱ በተጠመዘዘ ቁጥር ሁለቱን ቱቦዎች እርስ በርስ ይስባቸዋል፤ ስሉ ጫፍ ጠፍጣፋው ላይ ይነክሳል። ያለ ቃጫ፣ ያለ ቀለም፣ ብረት በብረት ላይ ብቻ የሚዘጋ መጋጠሚያ ነበር። እጅግ የሚያምር መፍትሔ ቢሆንም ጥንቃቄ ይፈልግ ስለነበር ለተራው ሠራተኛ አልተመቸም። ይሁን እንጂ በፐርኪንስ ዘንድ የሠራው አሜሪካዊ ጆሴፍ ኔሰን ዕውቀቱን ይዞ አገሩ ገባና በ1840ዎቹ መጀመሪያ ከጄምስ ዎልወርዝ ጋር የእንፋሎት ማሞቂያ ሥራ ጀመረ። የአሜሪካ የቧንቧ ሙያ ትልቁ ክፍል መነሻው ይህ ሽርክና ነው፤ የቧንቧ መፍቻውም ኋላ የተገኘው ከዚሁ ከዎልወርዝ ቤት ነው።

ዚንኩ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ዣክ ማሉዋን በ1742 ብረት በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ቢነከር ከዝገት እንደሚጠበቅ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አስረድቶ ነበር። ለምን እንደሚጠበቅ ግን ያኔ የሚያውቅ አልነበረም። በ1824 እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በባሕር ኃይል መርከቦች ላይ ባደረገው ሙከራ አንድ ብረታ ብረት ከሌላው ጋር ተነካክቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ አንደኛው እየተበላ ሌላውን እንደሚያድን አሳየ። ከዚህ በኋላ በ1837 ስታኒስላስ ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ብረትን በአሲድ አጥቦ በቀለጠ ዚንክ የመንከርን ዘዴ በፓሪስ አስመዘገበ፤ በጣሊያናዊው የቦሎኛ ሐኪም በሉዊጂ ጋልቫኒ ስምም ጠራው። ብረቱ ወደ 450 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ የዚንክ ገንዳ ውስጥ ሲገባ ዚንኩ ላዩን እንደ ቀለም ተለጥፎ አይቀርም፤ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ንብርብር ይሠራል። ቢጫር እንኳ በጭረቱ ዙሪያ ያለው ዚንክ ቀድሞ እየተበላ ለብረቱ ይሞትለታል። ይህ ጥበቃ ግን የሚደርሰው ለጠባብ ጭረት ነው፤ ሰፊ ገላጣ ቦታን አይሸፍንም።

ጋልቫናይዝድ ብረት ዓለምን ያዳረሰው በቆርቆሮ ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከእንግሊዝ ወደ አውስትራሊያና ወደ አፍሪካ ወደቦች ይጫን ነበር፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ሲገባም የከተማዋን መልክ ለወጠ። ቧንቧው የቆርቆሮውን ያህል አይታይም፣ ከመሬት ሥርና ከግድግዳ ውስጥ ነው የሚኖረው። በቆርቆሮና በቧንቧ መካከል ያለው ልዩነት ግን ከመታየትና ካለመታየት ያለፈ ነው። ቆርቆሮ በምስማር ተመትቶ ይደራረባል፤ ጥቂት ቢያፈስ ባልዲ ይቀመጥለታል። ቧንቧ ግፊት አለበትና ጠብታ ብትሆንም አይታለፍለትም።

ጥርሱ አንድ ወጥ ባልነበረበት ዘመን እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ልክ ያወጣ ነበር። የአንዱ ቤት ሶኬት ለሌላው ቤት ቧንቧ አይሆንም፤ ለጥገና የተጠራ ሠራተኛ የጎደለውን ራሱ ከመቅረጽ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በለንደኑ የሄንሪ ሞድስሌይ ወርክሾፕ የሠለጠነው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙባቸውን ብሎኖች ሰብስቦ ከለካ በኋላ አንድ የጋራ ልክ አቀረበ፤ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ ጫፉና ሥሩ ክብ እንዲሆን ሐሳብ ሰጠ። የቧንቧ ጥርስም ይህንኑ ቅርጽ ወረሰ፤ በ1905 የእንግሊዝ የቧንቧ ጥርስ ደረጃ ሆኖ ታተመ። በዚህ ደረጃ የግማሽ ኢንችና የሦስት ሩብ ኢንች ቧንቧ በአንድ ኢንች ርዝመት 14 ጥርስ፣ ከ1 ኢንች እስከ 6 ኢንች ያለው ደግሞ 11 ጥርስ አለው።

አሜሪካ በራሷ መንገድ ሄደች። በፊላደልፊያ የፓስካል የብረት ሥራ ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ሮበርት ብሪግስ በ1862 የቧንቧ ጥርስ ሠንጠረዥ አዘጋጀ። ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ነው። ከእርሱ ሞት በኋላ፣ በ1886፣ የአሜሪካ የቧንቧ አምራቾችና የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ሠንጠረዡን የአገሪቱ ደረጃ አድርገው ተቀበሉት። የግማሽና የሦስት ሩብ ኢንቹ ጥርስ ቁጥር ከእንግሊዙ ጋር አንድ ነው፤ 14። የ1 ኢንቹ ግን 11 ተኩል ነው። ሠራተኛን ሲያስት የኖረው ይህ ነው። ግማሽ ኢንቹ የአሜሪካ ኒፕል፣ ማለትም ባለ ጥርስ አጭር ቁራጭ፣ በእንግሊዙ ሶኬት ውስጥ ጥቂት ዙር ይገባል፤ የገጠመ ይመስላል፤ ግፊት ሲለቀቅበት ያንጠባጥባል። ቢጨመቅ ሶኬቱ ይሰነጠቃል። ሁለት የተለያዩ ጥርሶች ጨርሶ እንቢ ቢባባሉ ይሻል ነበር።

ሁለቱ ደረጃዎች የሚስማሙበት ትልቅ ነገር ሹለቱ ነው። የቧንቧው ጥርስ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ በ16 ሚሊ ሜትር ርዝመት ውፍረቱ በ1 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። ተራ ብሎን ጭንቅላቱ እስኪነካ ድረስ ይሽከረከራል፤ የቧንቧ ጥርስ ግን ከጥቂት ዙር በኋላ እየከበደ ይመጣና ጥርስ ከጥርስ ይጣበቃል። መጠበቁም መዝጋቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። የአሜሪካው ልማድ ቧንቧውንም ፊቲንጉንም ያሾላል፤ በእንግሊዙ ልማድ አብዛኛውን ጊዜ ቧንቧው ብቻ ሾሎ ሶኬቱ ቀጥ ያለ ይሆናል። ስለዚህ በእንግሊዙ መጋጠሚያ በጥርሶቹ መካከል የሚቀረውን ክፍተት መሙያ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ስለ ልኩም አንድ ቃል ማስገባት ይገባል። ግማሽ ኢንች የሚባለው ቧንቧ የትኛውም ጎኑ ግማሽ ኢንች አይሆንም፤ የውጭ ስፋቱ 21.3 ሚሊ ሜትር ነው። ስያሜው የተወረሰው ግድግዳው ወፍራም ከነበረው ከጥንቱ ቱቦ ነው፤ ያኔ ውስጡ ወደ ግማሽ ኢንች ይጠጋ ነበር። የብረቱ ጥራት ሲሻሻል ግድግዳው ሳሳ፤ የውጭው ልክ ግን ጥርሱን ላለማበላሸት ሳይነካ ቀረ። በሌላ አነጋገር፣ የቧንቧውን ስፋት የወሰነው የሚያልፍበት ውሃ ሳይሆን ጥርሱ ነው።

ቧንቧ ለብቻው ቀጥ ብሎ ከመሄድ በቀር ሌላ አያውቅም፤ የሚያጥፉት፣ የሚያካፍሉትና የሚያቀጥኑት ፊቲንጎቹ ናቸው። ኤልቦና ቲን ከለስላሳ ብረት ቀጥቅጦ መሥራት ውድ ነበር፤ ከካስት አይረን ማፍሰስ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ሲጠብቅ እንደ ገል ይሰነጠቃል። መፍትሔው በምድጃ የተለሰለሰ ካስት አይረን ነው። ፈረንሳዊው ሬኦሚር በ1722 የጻፈበት፣ አሜሪካዊው ሴት ቦይደን በ1826 በኒውዋርክ በራሱ መንገድ የደረሰበት ይህ ዘዴ፣ ተቀርጾ የፈሰሰውን ብረት ለቀናት በምድጃ ውስጥ አቆይቶ ተሰባሪነቱን ያስወግዳል። በስዊዘርላንድ ሻፍሃውዘን ከተማ የተመሠረተው የጆርጅ ፊሸር ድርጅት በ1864 ከእንዲህ ያለ ብረት ፊቲንግ ማምረት ጀመረ። በፊቲንግ አፍ ዙሪያ የሚታየው ወፈር ያለ ቀለበትም ለጌጥ አልተሠራም፤ የሾለው ጥርስ ሲገባ አፉን ከፍቶ እንዳይሰነጥቀው የሚይዝ ነው።

ክብ ቧንቧን ጠምዝዞ የሚያጠብቅ መሣሪያ ረጅም ጊዜ ጎድሎ ቆይቷል። ለእያንዳንዱ ልክ የራሱ ወረንጦ መሰል መቆንጠጫ ያስፈልግ ስለነበር ሠራተኛ ሙሉ ሣጥን ተሸክሞ ይዞር ነበር። በዎልወርዝ ኩባንያ የሚሠራው ዳንኤል ስቲልሰን በ1869 የቧንቧ መፍቻውን አስመዘገበ። ሐሳቡን ሲያቀርብ ኃላፊዎቹ “ሠርተህ አምጣ፤ ወይ ቧንቧው ይቆረጥ ወይ መፍቻው ይሰበር” እንዳሉትና የተቆረጠው ቧንቧው እንደሆነ በሙያው ዘንድ ይተረካል። የመፍቻው ምሥጢር የላይኛው መንጋጋ መላላቱ ነው። እጀታው ሲሳብ መንጋጋው ያዘነብላል፤ በተሳበ ቁጥር ይበልጥ ይነክሳል፤ ሲለቀቅ ይፈታል። በስዊድን ዩሐን ፔተር ዩሐንሰን በ1888 የራሱን የቧንቧ መፍቻ አወጣ፤ በአውሮፓ የተስፋፋው መያዣው እንደ ፒንሳ ሁለት የሆነው ዓይነት ከዚያ የተወለደ ነው። ሁለቱም ቧንቧውን በጥርሳቸው ነክሰው ስለሚይዙ ዚንኩን ይቧጥጣሉ፤ ባለሙያ ባልነካው መስመር ላይ በየመጋጠሚያው አጠገብ የሚታዩት የዝገት ነጥቦች የመፍቻ ንክሻ ናቸው።

ጥርስ ከጥርስ ቢጣበቅም ጫፍና ሥሩ መካከል ጠመዝማዛ ቀጭን መንገድ ይቀራል፤ ውሃ ያንን መንገድ ተከትሎ ይወጣል። ለዚህ የቀደመው መሙያ የሄምፕ ቃጫ ከቀይ የእርሳስ ዱቄትና ከተልባ ዘይት ጋር ነበር። ቃጫው ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ዘይቱ እየደረቀ ይጠነክራል፣ የእርሳሱ ዱቄት ክፍተቱን ይሞላል። ከብርታቱ የተነሣ ለፈቺው ጠላት ነው፤ ከ30 ዓመት በኋላ ሊፈታ የተፈለገ መጋጠሚያ ብዙ ጊዜ በእሳት ካልጋለ አይለቅም። የእርሳሱ መርዝነት ሲታወቅ ቀይ ዱቄቱ ከመጠጥ ውሃ ቧንቧ ተወገደ፤ ቃጫው ግን ጉዳት በሌላቸው ቅባቶች ታጅቦ እስካሁን አለ። ሮይ ፕላንኬት በ1938 በዱፖንት ኩባንያ ላቦራቶሪ ሳይታሰብ ያገኘው ቴፍሎን ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በስስ ነጭ ጥቅል ወደ ሙያው ገባ። ቴፍሎን ንጹሕና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ይቅር አይልም። በቃጫ የታሰረ ኤልቦ አቅጣጫው እንዲስተካከል ትንሽ ወደ ኋላ ቢመለስ አብዛኛውን ጊዜ ይታገሣል፤ በቴፍሎን የታሰረው ከተመለሰ ያንጠባጥባል። ለወፍራም የብረት ቧንቧ ቃጫን የሚመርጡ አንጋፋ ሠራተኞች ይህን ያህል ምክንያት አላቸው።

የተከላው ሥርዓት ከነዚህ ሁሉ የተገነባ ነው። ቧንቧው በሞርሳ ተይዞ በቧንቧ መቁረጫ ወይም በብረት መጋዝ ይቆረጣል። መቁረጫው ጎማውን ሲያሽከረክር ብረቱን ወደ ውስጥ ስለሚገፋ በአፉ ዙሪያ ከንፈር ይቀራል፤ ይህ ካልተፋቀ የግማሽ ኢንቹን ቧንቧ ያጠበዋል፣ ቆሻሻም ይይዛል። ቀጥሎ ጥርስ ማውጫው ይገባል። ባለ አራት ምላጩ መሣሪያ በዘይት እየራሰ ይሽከረከራል፤ ዘይት ከጎደለ ምላጩ ብረቱን ይገነጥለዋል እንጂ አይቆርጠውም። ለግማሽ ኢንች 13 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ ይበቃል። መብዛቱ እንደ ማነሱ ጎጂ ነው፤ ከፊቲንጉ ውጭ የቀረው ራቁት ጥርስ ዝገት ቀድሞ የሚይዘው ቦታ ነው። ቃጫው ጥርሱ በሚጠመዘዝበት አቅጣጫ ይጠቀለላል፤ በተቃራኒው ከተጠቀለለ ሲጠብቅ ተፈትቶ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዙሮች በእጅ ይገባሉ፤ በእጅ እንቢ ካለ ጥርሱ ተዛብቷል ማለት ነው። ከዚያ በሁለት መፍቻ፣ አንዱ እየያዘ ሌላው እየዞረ፣ ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። የሚጠመዘዝ ቧንቧ ለመግባት መሽከርከር አለበት፤ በሁለቱም ጫፍ የተያዘ ቧንቧ ግን መሽከርከር አይችልም። ስለዚህ ሥራው ከአንድ ጫፍ ተጀምሮ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ከቀደመው ላይ ይጠመዘዛል። ሁለት የተተከሉ መስመሮች ሲገናኙ ወይ ዩኒየን የሚባለው ቧንቧው ሳይዞር የሚታሰርና የሚፈታ መጋጠሚያ ይገባል፣ ወይም የእንግሊዝ ሠራተኞች የሚወዱት ረጅም ጥርስ ያለው ቁራጭ፤ ሶኬቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ረጅሙ ጥርስ ይመለስና ቧንቧዎቹ ፊት ለፊት ሲቆሙ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፣ ከኋላው በዳዶና በቃጫ ይቆለፋል። በመስመሩ መካከል ያለች አንዲት ኤልቦ ብታንጠባጥብ እስከ ቅርቡ ዩኒየን ድረስ ያለው ሁሉ ይፈታል። ዩኒየን ማብዛት ገንዘብ የሚያባክን ይመስላል፤ ለጥገና የተጠራ ሠራተኛ ግን የቀደመውን ሰው የሚያመሰግነው ወይም የሚረግመው በዚህ ነው።

በመጨረሻ ጥርስና ዚንክ የሚጋጩበት ቦታ ይመጣል። የግማሽ ኢንች ጥርስ ጥልቀት ወደ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። የዚንኩ ውፍረት በአብዛኛው ከ1 ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይደርስም። ጥርስ በወጣበት ቦታ ዚንኩ እንዳለ ይወገዳል፤ ብረቱም ይሳሳል። በእንግሊዙ ደረጃ መካከለኛ የሚባለው፣ ሰማያዊ ቀለበት የተቀባው የግማሽ ኢንች ቧንቧ 2.6 ሚሊ ሜትር ግድግዳ አለው፤ ከጥርስ በኋላ የሚቀረው ግማሹ ያህል ነው። ቡናማ ቀለበት ያለው ቀላሉ ቧንቧ 2 ሚሊ ሜትር ነውና ከጥርሱ ሥር 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይተርፈውም። ቀይ ቀለበት ያለው ከባዱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። በገበያ ላይ በዋጋ ብቻ የሚመረጥ ቀላል ቧንቧ ግፊትን ሙሉ ገላው ችሎ መጋጠሚያው ላይ የሚበሳው በዚህ ምክንያት ነው። ጥንቁቅ ሠራተኛ የተረፈውን ራቁት ጥርስ በዚንክ ቀለም ይቀባዋል፤ ከውስጥ ያለውን ግን የሚደርስበት የለም። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ውሃ ጠዋት ቡናማ ሆኖ ሲወርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከየመጋጠሚያው ውስጥ ነው። ጋልቫናይዝድ ቧንቧ በቀጥታ ከመዳብ ጋር ከተገጠመ ነገሩ ይብሳል፤ ዴቪ በመርከብ ላይ ያሳየው ሕግ እዚህ በባለቤቱ ላይ ይፈርዳል፣ ዚንኩም ብረቱም ለመዳቡ ይበላሉ።

ጥርስን ለማስቀረት የተሞከሩ መንገዶች አሉ። ብየዳ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ዚንክ በ907 ዲግሪ ስለሚፈላ በብየዳው አካባቢ ያለው ልባስ ነጭ ጢስ ሆኖ ይጠፋል። ጢሱን የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፤ የነሐስ አፍሳሾች ይህን ሕመም ከብየዳ ዘመን በፊት ያውቁት ነበር። የተሻለው መንገድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር የመጣ ነው። መቶ አለቃ የነበረው ኧርነስት ትራይብ በቧንቧዎቹ ጫፍ ቦይ አውጥቶ ጫፎቹን በላስቲክ ቀለበት ከደነ፣ በላዩም በብሎን የሚታሰር ባለ ሁለት ክፋይ መያዣ አደረገ፤ በ1919 ቪክቶሊክ ተብሎ የሚታወቀው ኩባንያ የተመሠረተው በዚህ ፈጠራ ላይ ነው። ቦዩ ተቆርጦ ሳይሆን በብረት መንኮራኩር ተጨፍልቆ ከወጣ ዚንኩ በቦታው ይቆያል። ዛሬ በትልልቅ ሕንፃዎች የእሳት ማጥፊያ መስመር ላይ ከ2 ኢንች በላይ ላለው ቧንቧ ይህ መጋጠሚያ የተለመደ ነው። ቀጭኑ ቧንቧ ግን እስከ መጨረሻው ከጥርስ አልተላቀቀም።

በኢትዮጵያ ውሃ በቧንቧ መምጣት የጀመረው በ1890ዎቹ ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ግርጌ ውሃ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አስገባ፤ ውሃ ሽቅብ ሲወጣ መታየቱ ለግጥም እስከ መብቃት የደረሰ መደነቅ ፈጥሮ ነበር። ከተማዋ ስትሰፋ ውሃ ለብዙኃኑ የደረሰው በቦኖ ነው፤ ቆሞ የሚታየው የቦኖ ምሰሶና ከቆጣሪ ወደ ግቢ የሚገባው መስመር ለረጅም ዘመን ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ነበር። ሥራ ላይ የዋለውም የእንግሊዙ የ55 ዲግሪ ጥርስ ነው። አሁን በቤት ውስጥ ፒፒአር፣ ከመሬት ሥር ደግሞ የፖሊኢትሊን ቧንቧ ቦታውን ወስደዋል፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ይበየዳል፣ አይዝግም፣ ጥርስም አይወጣለትም። ከቆጣሪው፣ ከቫልቩና ከመታጠቢያው ቧንቧ ጋር የሚገናኝበት የፒፒአር ፊቲንግ ግን በውስጡ የነሐስ ቀለበት ተቀብሮበታል፤ በቀለበቱ ላይ ያለው ጥርስ በኢንች 14፣ ማዕዘኑም 55 ዲግሪ ነው።